በሽተኛው ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲላክ ወረቀቱን ማን ይከተለዋል?

የአንድ አገር ሕዝብ ጤንነቱ የሚጠበቀው ትልልቅ ሐኪም ቤቶችን በመሥራት ብቻ ነው ብለው የሚያስቡ ሰዎች ብዙ ናቸው። ሕንጻው አልቆ፣ በበሩ ላይ ስሙ ተጽፎ ሲመረቅ ማየት ደስ የሚያሰኝ መሆኑን ማንም አይክደውም። ነገር ግን በአንዱ ሐኪም ቤትና በሌላው መካከል ያለው መንገድ፣ ማለትም በሽተኛው ከትንሹ ወደ ትልቁ ሲላክ፣ ኋላም ወደ ቤቱ ሲመለስ የሚያልፍበት የሥራ መንገድ፣ ሪባን አይቆረጥለትም፤ ድንኳንም አይተከልለትም። ስለዚህ የመንገዱ ባለቤት ማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ያሰብነው ስለዚሁ መንገድ ነው፤ ምሳሌ እንዲሆኑንም ደሴንና ኮምቦልቻን መርጠናል።

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣው መንገድ ርዝመቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ በ1,850 ሜትር ግድም ላይ ስትገኝ፣ ደሴ ደግሞ በጦሳ ተራራ ሥር 2,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። በመካከላቸው የሐረጎ ጠመዝማዛ አለ። ሁለቱ ከተሞች የየራሳቸው አስተዳደር ቢኖራቸውም ኑሯቸው የተጋባ ነው። በአውሮፕላን ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ የሚያርፈው ኮምቦልቻ ነው። በ1999 ዓ.ም የተቋቋመው የወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕክምናውን ትምህርት በደሴ፣ የቴክኖሎጂውን በኮምቦልቻ ያስተምራል። በሐምሌ 2009 ዓ.ም የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተሠራው ለአንዲት ከተማ ወጣቶች ብቻ አይደለም። በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የሚወርደው አውራ ጎዳናም ኮምቦልቻ ላይ ስለሚገነጠል በዚያ መስመር የከባድ መኪና አደጋ የደረሰበት ሰው ወደ ትልቁ ሐኪም ቤት የሚወሰደው በዚሁ በሐረጎ በኩል ነው። እንግዲህ ገበያው፣ ትምህርቱና መጓጓዣው ከተገናኘ ሕክምናው ብቻ ተለያይቶ ሊቀር እንደማይችል ግልጽ ነው።

ነገር ግን የጤናው ቤት ጌቶቹ ብዙ ናቸው። ዛሬ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሚባለው የደሴ ሆስፒታል ተጠሪነቱ ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ ነው፤ በውስጡ የሚሠለጥኑት የሕክምና ተማሪዎችና አስተማሪዎቻቸው ግን የወሎ ዩኒቨርሲቲ ናቸው፤ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ የፌዴራል መንግሥት ነው። ከደሴ በስተሰሜን ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ተጀምሮ በሥጋ ደዌና በዓይን ሕክምና ስሙ የወጣ ሲሆን፣ ኋላ በመንግሥት እጅ ገብቷል። በከተሞቹ ያሉት ጤና ጣቢያዎች የየከተማው ጤና መምሪያ ናቸው፤ በቃሉ፣ በደሴ ዙሪያ፣ በኩታበርና በተሁለደሬ ያሉት ደግሞ የየወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ሲሆኑ የደቡብ ወሎ ዞን ጤና መምሪያ በበላይነት ይከታተላቸዋል። መድኃኒቱን የሚያከፋፍለው የደሴ ቅርንጫፍ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ነው። የላቦራቶሪውን ምርመራ የሚያግዘው የክልሉ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ቅርንጫፍ ነው። አምቡላንሱም አንዳንዱ የወረዳው፣ አንዳንዱ የቀይ መስቀል ማኅበር ነው። የግል ሆስፒታሎችንና ክሊኒኮችን፣ የበጎ አድራጎት ማኅበራትንም ስንጨምርበት ቁጥሩ ከፍ ይላል።

ይህን ሁሉ የዘረዘርነው አንባቢውን ለማሰልቸት አይደለም። ከነዚህ መሥሪያ ቤቶች አንዱም አላስፈላጊ ነው ለማለት አይቻልም። ጥያቄው፣ አንድ በሽተኛ ሦስቱንና አራቱን ሲያልፍ ስለ እርሱ የሚጠየቀው የትኛው ነው የሚል ነው።

እንበልና ከቃሉ ወረዳ አንዲት እናት ምጥ ይዟት ወደ ጤና ጣቢያ መጣች። አዋላጅ ነርሷ ምጡ መንጓተቱን ከምጥ መከታተያው ቅጽ ላይ አይታ ወደ ኮምቦልቻ ሪፈር ጻፈችላት። ከዚያም በዚያች ሌሊት ኦፕራሲዮን የሚሠራው ባለሙያ ባይኖር ወይም ደም ቢታጣ እንደገና ለደሴ ይጻፍላታል። አምቡላንሱ የወረዳው ነው፤ ነዳጁም ከወረዳው በጀት ነው። ከኮምቦልቻ ሐረጎን የሚያወጣት ግን የወረዳው መኪና ይሁን፣ የከተማው ይሁን ወይስ የሆስፒታሉ? ሹፌሩ ይህን በእኩለ ሌሊት ሊወስን አይችልም፤ ሊወስንም አይገባውም። ደሴስ ስትደርስ መምጣቷን አስቀድሞ የሰማ ሰው አለ? ሁለት ተመራማሪዎች፣ ሰሪን ታዲየስና ዲቦራ ሜይን፣ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት ጽሑፍ እናቶችን የሚገድሉትን መዘግየቶች በሦስት ከፍለዋቸዋል፤ ይኸውም ወደ ሐኪም ለመሄድ ለመወሰን መዘግየት፣ ለመድረስ መዘግየት፣ ከደረሱም በኋላ ተገቢውን ሕክምና ለማግኘት መዘግየት ነው። የመጀመሪያው የቤተሰቡ ጉዳይ ነው እንበል። የኋለኞቹ ሁለቱ ግን በአብዛኛው በመሥሪያ ቤቶች መካከል የሚፈጠሩ ናቸው።

በዚህ ረገድ አገራችን የሄደችበት መንገድ አጭር አይደለም። በ1992 ዓ.ም በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት በጤና ተቋም ይወልዱ የነበሩት እናቶች ከመቶ 5 ያህል ብቻ ሲሆኑ፣ በ2008 ዓ.ም 26፣ በ2011 ዓ.ም ደግሞ 48 ደርሰዋል። ከ100,000 ወላዶች በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት የሚሞቱት እናቶች ግምትም በ1992 ከነበረበት 871 በ2008 ወደ 412 ወርዷል። በ1995 ዓ.ም የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ለዚህ ትልቅ ድርሻ አለው። ዳሩ ግን እናቶች በቤታቸው በሚወልዱበት ዘመን በተቋማት መካከል ያለው መንገድ ቢበላሽ የሚጎዳው ጥቂት ሰው ነበር፤ ዛሬ ግን ግማሾቹ ወደ ተቋም ሲመጡ በመንገዱ ላይ የሚገኘው ሰው በዝቷል። ሥራው ስለ ተሳካ ችግሩ ጎልቶ ታየ ማለት ነው።

ሪፈር የሚጻፍበት ወረቀት ሁለት ክፍል አለው። በላይኛው ክፍል ላኪው የበሽተኛውን ሁኔታና የላከበትን ምክንያት ይጽፋል፤ ታችኛው ክፍል ተቀባዩ ያገኘውንና ያደረገውን ጽፎ ለላኪው የሚመልሰው ነው። ላይኛው ክፍል በሽተኛው ራሱ ይዞት ስለሚሄድ አይቀርም፤ ያለ እርሱም አይስተናገድም። ታችኛው ክፍል ግን ተሸካሚ የለውም። በትልቁ ሆስፒታል ያለው ሐኪም በሽተኛውን ካዳነ ሥራውን ፈጽሟል፤ ወረቀቱን ባይመልስ ከደመወዙ የሚጎድል የለም። ይህ እንደ ቀላል የጽሕፈት ሥራ ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን አይደለም። ለምሳሌ መድኃኒት የተላመደ የሳንባ ነቀርሳ ይዞት በቦሩ ሜዳ ሕክምና የጀመረ ሰው መድኃኒቱን ለብዙ ወራት በቤቱ አቅራቢያ ባለ ጤና ጣቢያ መቀጠል አለበት። ጤና ጣቢያው የሰውየውን መመለስ ካልሰማ በቀረበት ቀን ፈልጎ አያመጣውም፤ መድኃኒቱ ሲቋረጥም በሽታው ለርሱም፣ አብረውት ለሚያድሩት ልጆቹም ይከፋል። አንዲት ወረቀት አለመመለሷ ያስከተለው ነው።

ይህን ችግር የሚያውቁ ሰዎች በስብሰባ ላይ ሲነሡ ብዙውን ጊዜ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» በሚለው ምሳሌ ይጀምራሉ። ምሳሌው እውነት ነው። ነገር ግን ድሩን ማን ይገምደዋል? ጫፉንስ ማን ይይዘዋል? ስለ መተባበር ጥቅም የሚናገር ሰው አላጣንም፤ ያጣነው ትብብሩን ማን እንደሚያስተዳድረው የሚናገር ሰው ነው። ትብብር በጎ ፈቃድ ብቻ ይመስለናልና።

ይህን ነገር በሌላ አገር በጥናት የመረመሩ አሉ። ኪት ፕሮቫን የተባሉት ምሁር ከብሪንተን ሚልዋርድ ጋር ሆነው በአራት የአሜሪካ ከተሞች የአእምሮ ሕሙማንን የሚረዱ ድርጅቶች እንዴት እንደሚተባበሩ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1995 አወጡ። ብዙ ሰው የሚጠብቀው፣ ድርጅቶቹ እርስ በርሳቸው ይበልጥ በተገናኙ ቁጥር በሽተኛው ይበልጥ ይጠቀማል የሚል ነበር። የተገኘው ግን ሌላ ነው። ፕሮቪደንስ በምትባለው ከተማ ውጤቱ ከሁሉ የተሻለው አንድ ዋና መሥሪያ ቤት መካከል ላይ ሆኖ ስላያያዛቸውና ገንዘቡም በቀጥታ በአንድ በኩል ስለሚመጣ ነበር። ሁሉም ከሁሉም ጋር መገናኘቱ በራሱ ያመጣው ብልጫ አልታየም። ኋላም ፕሮቫን ከፓትሪክ ኬኒስ ጋር እንዲህ ያሉ ትስስሮች የሚተዳደሩበትን መንገድ በሦስት ለይተው ጻፉ፤ ወይ አባሎቹ ራሳቸው በእኩልነት እየተሰበሰቡ ያስተዳድሩታል፤ ወይ ከመካከላቸው ትልቁ ይመራዋል፤ ወይም ለማስተባበር ብቻ የቆመ ሌላ መሥሪያ ቤት ይቋቋማል። አባሎቹ ጥቂትና የሚተማመኑ ሲሆኑ የመጀመሪያው ይበቃል፤ ሲበዙና መተማመኑ ሲሳሳ ግን ወደ ኋለኞቹ መሄድ ግድ ይሆናል ይላሉ።

አንባቢያችን ይህ የምሁራን ጨዋታ ነው ብሎ እንዳይንቀው፣ ወሎ ሦስቱንም በራሷ ላይ አይታቸዋለች። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም በደረሰው ረሀብ ጊዜ ሕዝቡ ወደ ደሴ መንገድ ዳር ሲወርድ፣ የቤተ ክርስቲያን ድርጅቶች በጋራ የሚመካከሩበትን የክርስቲያን እርዳታ ኮሚቴ በ1965 አቋቋሙ፤ ይህ አባሎቹ በእኩልነት የተሰበሰቡበት መንገድ ነው። በ1966 ደግሞ መንግሥት የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽንን አቆመ፤ ይህ ለማስተባበር ብቻ የተፈጠረ መሥሪያ ቤት ነው። ሁለቱም የመጡት ሞቱ ከቀደመ በኋላ መሆኑ ግን የሚያሳዝን ነው። መከራ ሲመጣ ማን ይሰብስብ የሚለውን ጥያቄ በመከራው መካከል ለመመለስ መሞከር ብዙ ሕይወት ያስከፍላል።

ከዚያ ወዲህም ታሪኩ በሌላ መልኩ ተደግሟል። በ2012 ዓ.ም ኮቪድ ወደ አገራችን ሲገባ ቦሩ ሜዳ የኮቪድ በሽተኞች መታከሚያ ማዕከል ሆነ። አንድ ሆስፒታል ለአንድ በሽታ ሲለቀቅ የዘወትር በሽተኞቹ ወዴት ይሂዱ የሚለው ጥያቄ ወዲያውኑ ይከተላል፤ መልሱም የሚገኘው ሌሎቹ ተቋማት ሸክሙን ሲካፈሉ ነው። (ቦሩ ሜዳ አፄ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም ስለ ሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉበት ሜዳ መሆኑን የታሪክ ተማሪዎች ያውቃሉ። ስብሰባ ለስፍራው አዲስ ነገር አይደለም።) ከዚያም ጦርነቱ መጣ። ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለው ሕዝብ በደሴና በኮምቦልቻ ትምህርት ቤቶች ተጠልሎ ሳለ ሁለቱ ከተሞች በጥቅምት 2014 ዓ.ም በጦርነቱ ውስጥ ገቡ፤ እስከ ኅዳር 27 ቀንም በዚያው ቆዩ። የደሴ ሆስፒታል ተዘረፈ፤ ተጎዳም። ከአንድ ተራራ እስከ ሌላው ያለ በሽተኛ ሁሉ የሚላክበት ቤት መሣሪያውን አጣ ማለት ነው። ኋላም ጤና ሚኒስቴር በሌላ አካባቢ ያሉ ሆስፒታሎች የተጎዱትን እየደገፉ ሥራ እንዲያስጀምሩ አደረገ። ይህን ጊዜ የታየው ነገር ልብ የሚባል ነው፤ የሚደግፈው ቤት ስሙ ታውቆ ሲመደብና የሚደገፈውም ቤት ሲታወቅ ሥራው ይንቀሳቀሳል፤ «ሁሉም ይደግፍ» ሲባል ግን ሁሉም ጎረቤቱን ያያል።

ትልቁ እንዲመራ የማድረግ ነገርም በአገራችን በሰላሙ ጊዜ ተሞክሯል። ከ2004 ዓ.ም ጀምሮ ሆስፒታሎች ስለ አሠራር ጥራት በኅብረት እንዲሠሩ ሲደረግ፣ በየአካባቢው አንድ መሪ ሆስፒታል ተመርጦ ሌሎቹ በዙሪያው እንዲሰባሰቡ ሆኗል። የመጀመሪያው ዘመቻቸው በሽተኛው በአገልግሎቱ እንዲደሰት ማድረግ ነበር። ይህ መንገድ ብዙ መልካም ነገር አለው፤ ትልቁ ቤት ባለሙያ አለው፤ ትንሹም ከርሱ ይማራል። ነገር ግን አንድ እንከን አለበት። መሪው ራሱ የበሽተኛ ብዛት ያጨናነቀው ስለ ሆነ ለሌሎች የሚያስብበት ጊዜ ያጥረዋል። ከዚያም በላይ ስለ ሪፈር ክርክር ሲነሣ ዳኛውም ተከራካሪውም እርሱ ይሆናል። ከጤና ጣቢያ የመጣች ነርስ በስብሰባው ላይ «እናንተ ወረቀቱን አትመልሱልንም» ብላ ለስፔሻሊስቱ መናገር ይከብዳታል። ቢከብዳትም አይፈረድባትም።

በጸሐፊው አስተያየት ከሁሉ ይልቅ ትምህርት የሚሰጠው ከደሴ በስተሰሜን፣ በሐይቅ ከተማ በኩል፣ በተሁለደሬ ወረዳ የተጀመረው ነው። በ2003 ዓ.ም የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ከአማራ ክልል ከተመረጡት ሦስት ወረዳዎች አንዱ ተሁለደሬ ነበር፤ ሌሎቹ ፎገራና ደቡብ አቸፈር ናቸው። አሠራሩ እንዲህ ነው። የገበሬው ቤተሰብ በዓመት መዋጮውን ይከፍላል፤ መክፈል ለማይችለው ድኻ ወረዳውና ክልሉ ይከፍሉለታል፤ የፌዴራሉ መንግሥትም በጅምሩ ከመዋጮው ሩብ የሚያህል ድጎማ ይጨምር ነበር። ይህ ገንዘብ በወረዳው የመድን ጽሕፈት ቤት እጅ ይሆናል። ጽሕፈት ቤቱ ራሱ አያክምም፤ መርፌም መድኃኒትም የለውም። ከጤና ጣቢያውና ከሆስፒታሉ ጋር ውል ይዋዋላል፤ አባሉ ሲታከም ሂሳቡን ይከፍላል።

አሁን እንመልከት። ለማከም ሳይሆን በአካሚዎቹ መካከል ለመቆም የተፈጠረ ሦስተኛ ወገን መጣ ማለት ነው። ውል ስላለው መጠየቅ ይችላል፤ ገንዘብ ስላለውም ሲጠይቅ ይሰማል። አባሉ ጤና ጣቢያውን ዘልሎ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ቢሄድ መድኑ እንደ ሌላው ጊዜ ስለማይሸፍንለት ከዚያ ወዲህ የሪፈሩ ወረቀት ዋጋ አገኘ። ቀድሞ «ከትልቁ ሐኪም ቤት በቀር አልታከምም» ይል የነበረው ሰው በቅርቡ ካለው ጀምሮ መሄድን ተማረ። ሆስፒታሉም ሂሳቡ እንዲከፈለው ያደረገውን ሁሉ በወረቀት ማስፈር ግድ ሆነበት። ምክርና ሰርኩላር ብዙ ዓመት ለፍቶ ያላመጣውን ውልና ክፍያ አመጣው።

ይህ ሲባል መድኑ እንከን የለውም ማለታችን አይደለም። መድኑ የቆመው በወረዳ ስለ ነበረ፣ ደሴ ያለው ሆስፒታል ከብዙ ወረዳዎች ጋር በየራሱ ውልና ሂሳብ መተሳሰብ አለበት። የአንዱ ወረዳ ካዝና ሲሳሳ ክፍያው ይዘገያል፤ ክፍያው ሲዘገይ ሆስፒታሉ መድኃኒት መግዣ ያጥረዋል፤ መድኃኒት ሲታጣ አባሉ ከግል መድኃኒት ቤት በኪሱ ይገዛል፤ በሚመጣው ዓመትም «ምን ተጠቀምሁ?» ብሎ መዋጮውን ለመክፈል ያመነታል። ስለዚህ የገንዘቡ ቋት ከወረዳ ከፍ ባለ ደረጃ ይሰብሰብ የሚለው አሳብ የመጣው ያለ ምክንያት አይደለም። ሆኖም ቋቱ ሲሰፋ ደግሞ ገበሬው በቀበሌው ስብሰባ ተነሥቶ የሚጠይቀው ሰው ይርቀዋል። ይህ መጎተት በቀላሉ የሚፈታ አይደለም። ጸሐፊው ግን ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ቢባል ቋቱን ያሰፋና የአቤቱታውን መስማት በወረዳው እንዲቀር ያደርግ ነበር።

ወደ ሐረጎ እንመለስ። ከ1990ዎቹ ማለቂያ ወዲህ በክልሉ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች የሚሰበስቡትን ገቢ ለራሳቸው ሥራ እንዲያውሉ ተፈቅዶላቸዋል፤ የሥራ አመራር ቦርድም ተቋቁሞላቸዋል። ይህ ትልቅ መሻሻል ነው። ሆስፒታሉ ቦርድ አለው፤ ጤና ጣቢያው ቦርድ አለው። ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ ያለው መንገድ ግን ቦርድ የለውም። እያንዳንዱ ቦርድ የሚጠየቀው በግቢው ውስጥ ስለሚሆነው ነገር ነው፤ በሽተኛዋ ከግቢው በር ወጥታ ሌላው በር እስክትገባ ድረስ ያለችበት ጊዜ በማንም ሪፖርት ላይ አይታይም።

ታዲያ ሌላ ትልቅ መሥሪያ ቤት ይቋቋም የሚል ሰው ይኖራል። እኛ ከዚህ አሳብ ጋር አንስማማም። ወጣቱ ባለሥልጣን አንድ ችግር ባየ ቁጥር ኮሚቴ ማቋቋም፣ ኮሚቴውም በወር አንድ ቀን ተሰብስቦ ሻይ ጠጥቶ መበተን ልማድ ሆኗል። የሚያስፈልገው ከዚያ ያነሰና ከዚያ የጠነከረ ነገር ነው። ሆስፒታሎቹ የመጣና የተላከ በሽተኛን የሚመዘግብ የላይዘን ክፍል አላቸው። ከኮምቦልቻ፣ ከደሴና ከዙሪያዎቹ ወረዳዎች የላይዘን ሠራተኞች ጋር በየቀኑ በስልክ የሚገናኝ፣ የተላከውንና ያልተመለሰውን ወረቀት የሚቆጥር፣ ደመወዙ ከአንዱ ሆስፒታል ያልሆነ አንድ ጸሐፊ ከጥቂት ረዳቶች ጋር ቢሾም ወጪው ብዙ አይደለም። ተጠሪነቱ ለሁለቱ ከተሞችና ለዞኑ በጋራ ሊሆን ይችላል። ትልቁ ሥልጣኑ አንድ ብቻ ይሁን፤ በየወሩ ማን ስንት እንደ ላከ፣ ማን ስንት እንደ መለሰና አምቡላንሱ የት እንደ ቆመ የሚያሳየውን ዝርዝር በሁሉም ቦርዶች ፊት የማንበብ ሥልጣን። መድኑም ክፍያውን ከተመለሰው ወረቀት ጋር ቢያያይዘው፣ ጸሐፊው ሳይቆጣ ሳይለምን የሚሰማ ሰው ይሆናል። ይህን ለማድረግ የየመሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎች ከነጻነታቸው ጥቂት መልቀቅ አለባቸው። ከባዱ ነገር ይኸው ነው። ገንዘቡ አይደለም።

የሚያጽናናው፣ በዚህ ጉዳይ የደከሙት እኛ ብቻ አለመሆናችን ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1920 ሎርድ ዶውሰን ባቀረቡት ሪፖርት ትንንሽ የጤና ማዕከሎች ከትልልቆቹ፣ እነዚያም ከማስተማሪያ ሆስፒታሎች ጋር ተያይዘው እንዲሠሩ ሥዕሉን በወረቀት አውጥተው ነበር። ሆኖም የሕዝብ ጤና አገልግሎታቸው የቆመው በ1948 ነው። በኛም አገር በ1947 ዓ.ም የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት ከመንግሥት ጋር የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ እርዳታ ተባብረውበታል። ኮሌጁ ያሠለጠናቸውም ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒቴሪያን በአንድ ጓድ ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ ይወርዱ ነበር። ከጓዱ ውስጥ ኃላፊው ጤና መኮንኑ መሆኑ ከመጀመሪያው የታወቀ ስለ ነበር በዚያ ላይ የሚባክን ጊዜ አልነበረም።

አንድ ነገር ሳናነሣ ማለፍ አይገባንም። የቦርከና ወንዝ ከኩታበር አካባቢ ተነሥቶ ደሴን አቋርጦ፣ በዶሮ መዝለያ ገደል ወርዶ ወደ ኮምቦልቻ ይፈስሳል፤ ከዚያም በጨፋ ሜዳ በኩል ወደ አዋሽ ይሄዳል። በደሴ የከተማው ቆሻሻ ይገባበታል፤ በኮምቦልቻም ከፋብሪካዎች አጠገብ የሚያልፉት የለዮሌና የወርቃ ወንዞች ተቀላቅለው ይጨምሩበታል። ተመራማሪዎች የነዚህን ወንዞች መበከል በየጊዜው ጽፈዋል። በውሃው አትክልት የሚያጠጣውና ከብቱን የሚያጠጣው ገበሬ ሲታመም የሚመጣው ወደ ጤና ጣቢያው ነው፤ ሕመሙ የሚጀምረው ግን ማዘጋጃ ቤቱና ፋብሪካው ባሉበት ነው። እነርሱ እስካሁን በጠቀስናቸው የጤና መሥሪያ ቤቶች ስብሰባ ላይ ወንበር የላቸውም። የላይዘኑ ጸሐፊ የተሾመ እንደ ሆነ በመጀመሪያው ወር ከሚጽፋቸው ደብዳቤዎች አንዱ ለሁለቱ ማዘጋጃ ቤቶችና ለፋብሪካዎቹ ሥራ አስኪያጆች የሚደርስ፣ ከቦርከና በታች ባሉት ጤና ጣቢያዎች በዚያ ወር የተመዘገበውን የተቅማጥ በሽተኛ ቁጥር የያዘ፣ ቀንና ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ቢሆን መልካም ነው።